ጉዳዩ እየተጣራ ነው

ከዊንድሁክ ምሥራቅ፣ አስፋልቱ ሲጨርስ፣
ሦስት ዓመት ደመና ከደጅ ሲመለስ፣
የግድቡ ወለል ተሰነጣጥቆ፣
የሰመጠው ጀልባ ቆሞ ታየ ደርቆ።
ያኔ ነው ምክር ቤት ሐሳቡን ያመጣው፦
"ያፈሰስነው ውሃ ተመልሶ ይምጣ፣ አጥርተን እንጠጣው።"
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ያለው
የኛን ከተማ ቧንቧ ሳያይ ነው።

እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ሥራዬ ጠብታ መቁጠር፣
አሸዋው፣ ከሰሉ፣ ኦዞኑ ሲያፏጭ አብሬ ነቅቼ ማደር።
ከተማዬን በፊቷ ሳይሆን በውሃዋ ነው የማውቃት፦
የስንቱ ደም ግፊት እንደ ናረ፣
ስንቷ ሴት ክኒኗን እንደ ዋጠች፣
ደመወዝ በወጣ አርብ ቢራው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣
የሆስፒታሉ አንሶላ፣ የሬሳ ማጠቢያው እንኳ ሳይቀር።
ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ስሙን ጥሎ ያልፋል።
ንጋት ላይ አንዲት ብርጭቆ ወደ መብራቱ አነሣለሁ፤
ማዶ ያለው ግድግዳ ይታየኛል። ከዚያ እፈርማለሁ።

ባለፈው ሐሙስ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሕዝብ ተጠራ።
ኢንጂነር ሙሄንጄ አንድ ብርጭቆ ቆሞ ጨለጠ፤
ተጨበጨበለት።
ከኢንሹራንስ የመጣው ቴርብላንሽ ግን
ፊት ለፊቱ ያቆመው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣
በረዶ ያዘለ ተራራ የተሳለበት፣ ክዳኑ ያልተፈታ።
"ገጽ አርባ አንድ" አለ፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣
"ቀስ ብሎ ለሚመጣ ሕመም ኩባንያው ኃላፊ አይደለም።"
ቀስ ብሎ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤
አንቀጹ ግን ሳያስቀን ወሰደን።

ካውናፓዋ ተነሣች፤ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፣
የልጅ ልጇ ደም በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን የሚታጠብላት።
"ውሃው ንጹሕ ነው ብላችኋል፤ እሺ፣ አመንኩኝ።
የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለእሱ መልስ ስጡኝ፦
አንድ ሌሊት ብቻ፣ አንድ ሌሊት ቢሳሳት፣
የትኛዋ በር ናት ሄጄ የማንኳኳት?"

ማጣሪያው፦ "ቤተ ሙከራውን።" ቤተ ሙከራው፦ "መሣሪያውን።"
መሣሪያው ጀርመን ተሠራ፤ ጀርመን፦ "አንብቡ መመሪያውን።"
ከንቲባው፦ "ሚኒስቴሩን።" ሚኒስቴሩም ደብዳቤ ላከ፣
ባለ ማኅተም፣ ባለ ቁጥር፦
"ጉዳዩ እየተጣራ ነው።"
ውሃው በአንድ ቀን ይጣራል፤
ጉዳዩ ግን ገና ደለሉ አልዘቀጠ።

ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች። ከመሥመሩ በላይ፣ ፀጉር ታክል።
አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቅኋት። አልተመለሰችም።
ስልክ ደወልኩ፤ አለቃዬ አያነሣም። ለሌላው ደወልኩ፤ "እስኪነጋ ጠብቂ" አለኝ።
እስኪነጋ ስንቱ በእንቅልፍ ልቡ ተነሥቶ ይጠጣል።
መዘውሩን በሁለት እጄ ያዝኩና ዘጋሁት።

ጠዋት ቧንቧው ሁሉ አየር ብቻ ሳለ።
ዳቦ ቤቱ አላቦካም። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን መለሰ።
ሆስፒታሉ ማሽኖቹን አቆመ።
ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከንቲባው፣ ሙሄንጄ፣ ቴርብላንሽ
በአንድ ወረቀት ላይ ስሜን ጻፉ።
ለመክፈቱ ባለቤት አጥቶ የከረመው ውሃ
ለመዝጋቱ በአንድ ጠዋት ተጠያቂ አገኘ።

ማታ በሬ ተንኳኳ። ካውናፓዋ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ።
አላመሰገነችኝም፣ አልረገመችኝም።
ሳንቃውን በመዳፏ ዳሰሰችና
"ይህች ናት?" አለች።
"ይህች ናት።"
"መቼ ትከፍችዋለሽ?"
"ሲጠራ።"
"የቱ?"

ዝም አልኩ። ከትናንት በስቲያ የቀዳሁትን፣
ከባልዲዬ የተረፈኝን፣ ገለበጥኩላት።
ሳትቀምሰው
ጀሪካኗን ወደ መብራቱ አነሣችው፣
ልክ እንደ እኔ።